ግመል ከሰርከስ፣ ባቡር ከስዊስ

ጡረታ ወጥቶ የወጣትነት ጨዋታውን እንደገና የሚጀምር ሰው ዕረፍት የሚያገኝ ይመስለዋል። ይህን ወሬ ያስወራውን ሰው ባገኘው ጥሩ ነበር። እዚህ ጀርመን አገር ዕድሜዬን ሙሉ በፈረቃ ስገባና ስወጣ ኖሬ፣ ይኸው በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ገንዘቤ፣ ስንዝር ለማትሞላ ሎኮሞቲቭ ተቀጥሬያለሁ። ደመወዝ የለ፣ ፈቃድ የለ።

ድሬዳዋ ተወልዶ ባቡር ቢወድ ማንም አይፈረድበትም። ሐረር ተራራ ላይ በመሆኗ ከጅቡቲ የሚመጣውን ሃዲድ ወደዚያ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ነው መስመሩ በሜዳው ያለፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ድሬዳዋ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የሚባል ሰፈርም፣ እኔም አንኖርም ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እኔ ደግሞ ለትምህርት እዚህ መጥቼ ካጠራቀምኳት የመጀመሪያ ገንዘብ የገዛሁት ኮት ሳይሆን ሜርክሊን የሚሉት ፋብሪካ የሠራው ትንሽዬ መጫወቻ ባቡር ነበር። ብርዱን ቻልኩት።

ያ ባቡር ባቡር ነበር። ሃዲዱ ቆርቆሮ፣ ትራንስፎርመሩ ሰማያዊ፣ ከላዩ አንዲት ቀይ መዘውር። ወደ ቀኝ ስታዞራት ይሄዳል። አቁመህ ወደ ግራ ጫን ስታደርጋት እንደ ደነገጠ በቅሎ ዘለል ይልና አቅጣጫውን ይቀይራል። በቃ፣ ሌላ ትምህርት የለውም። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ባቡሩ ካርቶን ገብቶ ምድር ቤት ወረደ። ጡረታ ስወጣ አወጣሁት፤ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አደረግኩለት፣ ሃዲዱን በጨርቅ አሸት አሸት አደረግኩት፣ ሄደ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

አዲሶቹ ግን ይጠይቃሉ። ኢሜይል ይጠይቃሉ፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ፣ ዋይፋይ ይጠይቃሉ። ዛሬ ሃዲዱ ላይ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለ፤ ሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠች ቺፕ በቁጥሯ ካልተጠራች አትንቀሳቀስም። ታዲያ የፋብሪካዎቹን ብልሃት ተመልከቱ፦ ዲሲሲ በሚሉት አሠራር የሚመጣ ሎኮሞቲቭ ሁሉ ከካርቶኑ ሲወጣ ቁጥሩ 3 ነው። ሁሉም 3! ሁለት ገዝተህ እንዳሉ ሃዲድ ላይ ካስቀመጥካቸው አንዱን ስትጠራ ሁለቱም «አቤት» ይላሉ። ስም ልታወጣላቸው፣ ፍጥነት ልትወስንላቸው መመሪያውን ታገላብጣለህ፤ አነሳሱን የሚወስነው አንድ ቁጥር፣ አቋቋሙን የሚወስነው ሌላ ቁጥር። አባቴ ያን ሁሉ ፉርጎ በፊሽካና በባንዲራ ሲያስቆሙ ኖረዋል። የልጅ ልጄ ደግሞ ስልኬን ከእጄ ቀምቶ «አባባ፣ መጀመሪያ አፕዴት አድርግ እንጂ!» ይለኛል። «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም። እሱንም አፕዴት የሚያደርግልኝ አጣሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ገና ወደ ጉዳዩ አልገባሁም። መሥራት የፈለግኩት የእኛን መስመር፣ የድሮውን ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር። የእኔ ባቡሮች ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሱ ናቸውና ይህን ለ87 አካፍሉት፤ 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ባለቤቴ የፈቀደችልኝ አንድ ግድግዳ 3 ሜትር ነው፤ የድሬዳዋን ጣቢያ ግቢ እንኳ በወጉ አይዝልኝም። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ያለውን ዳገት በልኩ ልሥራ ብል ደግሞ ከ1,100 ሜትር በላይ ነውና ወደ 13 ሜትር ከፍታ ያስፈልገኛል። ከላይ ያሉትን ጎረቤቶች ጣሪያቸውን ልብሳባችሁ ብዬ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።

መስመራችን አንድ ሜትር ስፋት ነበረው። በየሱቁ የሞላው ሃዲድ ግን 1,435 ሚሊ ሜትሩን አስመስሎ የተሠራ፣ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ሜትሩን፣ 12 ሚሊ ሜትሩን፣ ስትጠይቅ የሚያወጡልህ የስዊስን ባቡር ነው፤ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ። ገዛሁት፣ ቀለሙን ፋቅኩት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ብር የከፈልከው?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

መልክዓ ምድሩስ? የሚሸጠው ዛፍ ሁሉ ጥድ ነው፣ ተራራው ሁሉ በረዶ የለበሰ ነው። ግራር አቦ የት ይገኛል! ከመዳብ ሽቦ ገምጄ ስሠራ ጣቴ አለቀ። ሰው ስፈልግ ያገኘሁት ስኪ የታቀፈ ነጭና ከቤተ ክርስቲያን የምትወጣ ሙሽራ ነው። ጫት ሻጭ በየትኛውም ካታሎግ የለችም። ግመል አለ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ ለካ የሰርከስ ግመል ነው። ጌጡን ፍቄ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አቆምኩት። አሁንም የሚደንስ ይመስላል።

ጠጠሩ የባሰ ነው። ደቃቁን ጠጠር በሃዲዱ መሐል በቀለም ብሩሽ ታስተካክላለህ፤ ትንፋሽህን ይዘህ፣ ምክንያቱም ካስነጠስክ አለቀ። ከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ያለበት ውሃ ትረጫለህ፤ ሳሙናው ከሌለ ውሃው ድቡልቡል ሆኖ ጠጠሩን ይዞት ይንከባለላል። ቀጥሎ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በስሪንጅ ጠብ፣ ጠብ። ሲነጋ ጠጠሩ ድንጋይ ሆኗል። ኮላው ግን ማታ ዝም ብሎ አልተኛም፤ ሃዲዱ ወደሚከፈልበት ምላስ ሥር ሾልኮ እሷንም ድንጋይ አድርጓታል። መስመር አትቀይር፣ ምን አትል። በዚህ ላይ መነጽሬን በመነጽር ላይ ደርቤ፣ በመርፌ ስፈለፍላት ጀርባዬ አልቀና ይላል።

የልጅ ልጄ አንድ ቀን «አዲሱን ለምን አትሠራም?» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውን በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፤ እሱ 1,435 ነው፣ ሃዲዱ በየሱቁ ሞልቷል። ግን ከከተማው ውጭ ለሚቆም ባቡር ማን ጀሶ ያቦካል?

የቀረኝ ቀለሙ ነው። የድሮዎቹ የመንገደኛ ፉርጎዎች ቀለም ላይ ሁለት የድሬ ሽማግሌዎች አይስማሙም፤ ስልክ ደውዬ የጠየቅኳቸው ሁሉ እርስ በርስ ተኳርፈዋል። እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፣ በቤታችሁ አልበም ውስጥ ከባቡሩ ፊት ቆማችሁ የተነሳችሁት ባለቀለም ፎቶ ካለ አውጡልኝ። የምፈልገው እናንተን ሳይሆን ከኋላችሁ ያለውን ፉርጎ ነው። ያኔ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ ብላችሁ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልመጣ!