ለኦም ሕግ የማይገዛ ጆሮ

ከሂሳብ ባርነት ነፃ ለወጡት የሸክላ አፍቃሪዎች ምስጋና ይድረሳቸው። ሸክላውን የሚያነብበው የሙቪንግ ኮይል ካርትሪጅ ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ ኢምንት ስለሆነ፣ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ብዙ ጊዜ ይታከልለታል። የትኛው ለየትኛው እንደሚስማማ ለማወቅ ጥቂት ማባዛትና ማካፈል ይበቃ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ሥራ የተማሪ ነው። ሊቃውንቱ የሚመርጡት በሣጥኑ ክብደት፣ ሽቦው ከብር በመሠራቱ፣ ይልቁንም ቮልቴጁን ስንት እጥፍ እንደሚያበዛ በሚናገረው ሬሾ ትልቅነት ነው። አሥር እጥፍ ጥሩ ከሆነ ሠላሳ እጥፍ ሦስት ጊዜ ጥሩ መሆኑን ማን ይክዳል?

የሚክደው ዴኖን ዲኤል-103 ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጃፓኑ ብሔራዊ ማሰራጫ ኤንኤችኬ ሥራ ታስቦ የተሠራው ይህ ካርትሪጅ 0.3 ሚሊቮልት ያመነጫል፤ የውስጥ ኢምፒዳንሱ 40 ኦም ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን በሬሾው ልክ ሲያበዛ፣ የአምፕሊፋየሩን የመግቢያ 47,000 ኦም ደግሞ በሬሾው ስኩዌር አካፍሎ ለካርትሪጁ ጭነት አድርጎ ያቀርባል። በአሥር እጥፍ ካርትሪጁ 470 ኦም ያያል፤ 8 በመቶ ያህል ከስሮ 2.8 ሚሊቮልት ያደርሳል። በሃያ እጥፍ 118 ኦም ገደማ ያያል፤ ሩቡን አጥቶ 4.5 ያደርሳል። በሚወደሰው ሠላሳ እጥፍ ግን የሚያየው 52 ኦም ብቻ ነው፤ 9 ሚሊቮልት ቃል ተገብቶ 5.1 ይደርሳል። ሬሾው ከሃያ ወደ ሠላሳ፣ በግማሽ፣ ሲያድግ ቮልቴጁ ያደገው በ14 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው የት ገባ? እዚያው ካርትሪጁ ጥቅል ውስጥ ቀረ። ያው ሠላሳ እጥፍ፣ ጥቂት ኦም ብቻ ላለው የኦርቶፎን ኤስፒዩ ቢሰጥ ኖሮ በደንብ ያገለግል ነበር፤ ግን ማን ጠይቆት?

«ዳኛው ጆሮ ነው» ይሉናል። መልካም፤ ዳኛው ግን ጉቦ ይወዳል። ከላይ ባለው ስሌት ሠላሳ እጥፉ ከአሥር እጥፉ በ5 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ጆሮ ደግሞ ጎላ ያለውን «ሕይወት ያለው» ብሎ ይፈርዳል። የድምፁ መጠን ሳይስተካከል የተሰጠ ፍርድ ስለ ድምፅ ማጉያው ቁልፍ እንጂ ስለ ትራንስፎርመሩ አይደለም። ሌሎች ትራንስፎርመሩ ላይ «40 ኦም» የሚል ጽሑፍ ስላዩ ካርትሪጁ 40 ኦም ጭነት እንደተሰጠው ያምናሉ፤ ጽሑፉ የሚናገረው ግን ለምን ዓይነት ካርትሪጅ እንደታሰበ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «ጭነቱ የካርትሪጁን ኢምፒዳንስ አሥር እጥፍ ይሁን» የሚለው ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ዝቅ ያለ ጭነት የሚጥመው ሰው አለ። እውነት ነው። ግን ዝቅ ማለት የሚፈልግ በአሥር እጥፉ ትራንስፎርመር ሁለተኛ ጥቅል ላይ ርካሽ የ15 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከአምፕሊፋየሩ 47 ኪሎ ኦም ጎን ቢያገናኝ ጭነቱ 114 ኦም ገደማ ይሆናል፤ ካልጣመው ያነሣዋል። ከሠላሳ እጥፉ 52 ኦም ወደ ላይ ለመውጣት ግን አምፕሊፋየሩን መክፈት ይጠይቃል። የምርጫ ነፃነት የሚሰብኩት ሰዎች ምርጫ የሚዘጋውን ዕቃ መግዛታቸው የጥበባቸው ጥልቀት መሆን አለበት።

እንግዲህ ገዢ ሆይ፣ ስለ ብር ሽቦው ሲተረክልህ ታግሠህ ስማና ሬሾውን ጠይቅ፤ 47,000ን በሬሾው ስኩዌር አካፍል። ሻጩ ሬሾውን ካልነገረህ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ መልስ።