ያለ ተራው የገባ ምት

ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ሲፈሩት መልስ የሚሰጠው ልብ ብቻ ነው። ጉበት ጨዋ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ጉበቴ ስጨነቅ ባድር ጠዋት እዚያው እንዳስቀመጥኩት አገኘዋለሁ። ኩላሊቶቼም ብጠረጥራቸው ቅር አይላቸውም። ልብ ግን ነገር ይገባዋል። «ምነው ዛሬ ፈጠን አልክ?» ብዬ ጆሮ የሰጠሁት እንደሆነ እውነትም ይፈጥናል። ሲፈጥን እደነግጣለሁ፣ ስደነግጥ ይብስበታል። እንዲህ እየተነካካን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንደርሳለን።

ያን ጊዜ ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ መቁጠር ነው። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ቢመታ ጤና ነው ይላሉ። 72 ሲሆን «እሺ፣ ይሄ የአሁኑ ነው፤ ቅድም ስንት ነበር?» እላለሁ። 96 ሲሆን እስከ 100 የቀረችውን ትንሽ ቦታ እያየሁ ያልበኛል። 58 የሆነ እንደሆነ ደግሞ ሊቆም ነው ብዬ ስለምደነግጥ ወዲያው ተመልሶ 96 ይገባል።

በዚህ ሁሉ መሐል ባለቤቴ አንዴ ትገላበጣለች።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«እንግዲያው መብራቱን አጥፋ።»

የሕክምና ትምህርቴን የተማርኩት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። ንፍሮው ከዞረ፣ ካርታውም ከተዘረጋ በኋላ ትምህርቱ ይጀመራል፤ ርዕሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምንም አልነበረውም እኮ!» በድንኳን ሕክምና ታሞ የቆየ ሰው አይሞትም። የሚሞተው ምንም ያልነበረው፣ ትናንት አብሮን ማኪያቶ የጠጣ፣ ማታ ራቱን በልቶ «ትንሽ ደክሞኛል፣ ልተኛ» ያለ ነው። (ከዚያ ወዲህ ደክሞኛል የምትለውን ቃል ቤታችን ውስጥ ከልክያለሁ።) ከወደ ጥግ አንዱ «ደረቱን ያዝ አድርጎት ነበር አሉ» ይላል። እኔ ንፍሮዬን እንደያዝኩ ግራ ደረቴን ማዳመጥ እጀምራለሁ። «ወፍራም እንኳን አልነበረም» ይላል ሌላው፤ ቅጥነቴ ላይ የጣልኩት ተስፋ ሄደ። «ሲጋራም አያጨስ!» እሱም ሄደ። ዕድሜው ሲጠየቅ ሟች ከእኔ ወይ በአንድ ዓመት ይበልጣል፣ ወይ በአንድ ዓመት ያንሳል። ሰውዬው የደም ግፊት መድኃኒቱን ሲሻው እየዋጠ ሲሻው እየተወ ዓመታት መኖሩን የሚያነሳ አይገኝም። የምታውቀው ሚስቱ ናት፣ እሷ ደግሞ እያለቀሰች ነው።

ጭንቀቴን ለዘመድ ማማከሬ አልቀረም። እናቴ ገና ሳልጨርስ «ጨጓራ ነው» አለችኝ። በእኛ አገር ከጨጓራ የተለየ በሽታ አለብኝ ብሎ ማሳመን ትልቅ ሙግት ይጠይቃል። ነገሩ ግን የሚናቅ አይደለም፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ ደረትን አቃጥሎ ሐኪም ሳይቀር ልብ ነው እንዴ ያሰኛል። አክስቴ «ብርድ ገብቶብህ ነው» አለች። ባልደረባዬ ቡና ቀንስ አለኝና ይህንኑ ምክር እያብራራ ሁለት ቡና አዘዘ። ከዋሽንግተን የመጣው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ስለሚያዝንልኝ ትርታ የሚቆጥር ሰዓት ይዞልኝ መጣ። ቀድሞ የምፈራው ሌሊት ሌሊት ነበር፤ ሰዓቱ ከመጣ ወዲህ ስብሰባ ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ቁርጥ ፊቴ ቀርቦም መፍራት ቻልኩ።

በመጨረሻ የልብ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ደረቴ ላይ፣ እጅና እግሬ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎብኝ ስተኛ የማስበው ስለ ቪለም አይንትሆቨን ነበር። ይህ ሆላንዳዊ የልብን ኤሌክትሪክ መዝግቦ ለማንበብ ባበቃው ሥራ በ1924 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። የመጀመሪያው መሣሪያው ከ250 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ አምስት ሰው የሚያንቀሳቅሰው ነበር፤ ታማሚውም እጁንና እግሩን የጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። በዚያ ዘመን ብፈጠር አምስቱንም ሰዎች በወር ደመወዝ ቀጥሬ መኝታ ቤቴ አሳድራቸው ነበር።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ የልቤን አልትራሳውንድም አየ። «ንጹህ ነው» አለኝ።

«ዶክተር፣ አንዳንዴ ግን ድንገት ዝልል ይላል።»

«አንዲት ምት ከተራዋ ቀድማ ትመጣለች። ከዚያ ልብ ትንሽ ይቆያል፤ በዚያች ቆይታ ደም በደንብ ይሞላና ቀጣዩ ምት ጠንከር ይላል። ዘለለ የምትለው እሱን ነው። ያለ ተራው የገባ ሚኒባስ በለው። በጤነኛ ሰውም ይኖራል።»

ተራ አስከባሪውስ የት ሄዶ ነው ልለው ነበር፤ ከውጭ የሚጠብቅ ሰው ስለበዛ ተውኩት።

«ልብህ እኮ በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይመታል፤ በአንዷ ነው የምትጣላው?» አለና ስለ አሜሪካዊው ሐኪም ስለ ዳ ኮስታ ነገረኝ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች ልባችን ይመታል፣ ደረታችንን ይወጋናል፣ ትንፋሽ ያጥረናል እያሉ ይመጡ ነበር፤ ልባቸው ሲመረመር ግን ጉዳት አይታይበትም። ዳ ኮስታ በ1871 እ.ኤ.አ. ስለ ሕመማቸው ጻፈ፤ ሕመሙንም በኋላ ሰው «የወታደር ልብ» አለው። ትንሽ ኮራሁ። እኔ የዘመትኩበት ጦርነት የለም፣ የቤት ኪራይ ካልተቆጠረ።

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ኮስተር አለ። «ደረትህን ተጭኖ ከያዘህ፣ ሕመሙ ወደ ክንድህ ወይ ወደ መንጋጋህ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቀህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳትውል ሳታድር ድረስ። ከዚህ ውጭ ግን አትቁጠር። ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ክተተው። እግርህንም አንቀሳቅስ።»

ስለ መድኃኒት ብጠይቀው መድኃኒቱ ይኸው ነው አለኝ። እኔ የለመድኩት በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ነገር ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ አለመቁጠር እንዴት እንደሚወሰድ እስካሁን በቅጡ አልገባኝም።

እግሬን ግን ማልጄ መስቀል አደባባይ ወሰድኩት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እንኳን የፈሪን የደፋርንም ትንፋሽ ታሳጥራለች። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ እናት ደረጃውን እየወጡ አለፉኝ። እኔ ከሥር ቆሜ፣ ሰዓቱ መሳቢያ ስለገባ፣ ጣቴን በቀድሞው ቦታ አንገቴ ላይ ሰክቻለሁ። «ጋሼ! አንገቱን ይተዉትና እግርዎን ያንሱ!» አለኝ ከላይ አንድ አሠልጣኝ። ሰው ዞሮ አየኝ። ከእፍረት የተነሳ ሮጥኩ። ልቤ ጆሮዬ ድረስ ወጥቶ ይደልቅ ነበር፤ ግን ማንም ጉዳዬ አላለውም፣ አጠገቤ ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው። ያው ትርታ አልጋ ላይ ሞት ነው፤ ደረጃ ላይ ስፖርት ይባላል። አሁን መሮጡን ቀጥያለሁ፤ ሌሊቱም ከሞላ ጎደል እንቅልፍ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለቅሶ ነበር። ድንኳን ገብቼ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ተቀመጥኩና በሹክሹክታ «ልብ ነው?» አልኳቸው።

«የለም፣ ስኳር ነው ልጄ።»

ደረቴ ቀለል አለ። ንፍሮም ጨመርኩ።

«ሳያውቀው ነው የቆየው» አሉ ቀጥለው። «ምንም አልነበረውም እኮ! ውሃ ውሃ ብቻ ይለው ነበር።»

ልቤን አንድ ጊዜ እንኳን ሳላስበው ቤቴ ደረስኩ። ባለቤቴ በር ስትከፍትልኝ ከሰላምታ በፊት የጠየቅኳት ውሃ ነው። ሁለተኛውን ብርጭቆ ጨልጬ ስመልስላት ትክ ብላ አየችኝና «ደግሞ ማን ሞተ?» አለች።