ዝገት የሚገዛበት ዘመን

እኔ ዕድሜ ልኬን ዝገት ስፍቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ጋራዥ ከገባሁበት ከጉርምስናዬ ጀምሮ ሥራዬ ቦዲና ቀለም ነበር፤ የተበላውን ላሜራ ቆርጦ መጣል፣ አዲሱን መበየድ፣ ስቱኮ መለሰን፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ አንቲረስት መቀባት፣ ከዚያ ቀለም። ደንበኛው መኪናውን ሲረከብ በሩ ላይ ፊቱን አይቶ ኮሌታውን ካላስተካከለ ሥራው አላለቀም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው በስተርጅና ቨርጂኒያ ድረስ መጥቶ፣ የልጅ ልጁ ዝገት በጠርሙስ ገዝቶ ሲገባ ቢያይ ምን ይበል? ቀልድ አይደለም፤ ጠርሙሱ ላይ ዝገት ተብሎ ተጽፎበታል። ዋጋውን ጠየቅኩት፣ ነገረኝ፣ ተቀመጥኩ። አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ቢሄድ እኮ በኩንታል አስጭነው፣ ስላነሳላቸው መርቀው ይሸኙት ነበር።

ዝገቱ የታሰበው ስታር ዋርስ በሚባለው ፊልም ውስጥ ላለችው ሚሌኒየም ፋልከን ለምትባል መንኮራኩር ነው። ባንዳይ የሚባል የጃፓን ኩባንያ በፈረንጆቹ 2017 ያወጣት ተገጣጣሚ ሞዴል ናት፤ ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ ታንሳለች ይላል ካርቶኑ፣ እውነተኛ እንዳለች ሁሉ። ርዝመቷ ግማሽ ሜትር አይሞላም። የያዘችው ቦታ ግን የምግብ ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው፤ የፋሲካን ዶሮ ወጥ ትሪ ጭናችን ላይ አድርገን ሶፋ ላይ በላን። ቁርጥራጮቿ ደግሞ የጤፍ ወንድም ናቸው። አንዷ ምንጣፍ ላይ ከወደቀች ቤተሰቡ በሙሉ ይንበረከካል። በዐቢይ ጾም አንድ ስግደት አስጨንቆት የነበረው ልጅ፣ ለአንዲት የፕላስቲክ ቧንቧ ሲሰግድ አመሸ።

ፍርደ ገምድል አልሆንም፤ ጃፓኖቹ ሙያ ያውቃሉ። ሙጫ ሳያስፈልግ ቁራጩ ከቁራጩ ጠቅ ብሎ ይገጥማል። የስንቱን መኪና የበር ክፈፍ ለማጋጠም በመዶሻ ስለማመጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ሳላደንቅ አላልፍም። ልጁም እጁ መጥፎ አይደለም። ከእስክርቢቶ ብዙም በማትወፍር መርጫ፣ ማታ ማታ ከሚያጉረመርም ትንሽዬ ኮምፕሬሰር ጋር፣ መጀመሪያ ፕራይመሩን፣ ከዚያ ነጣ ያለ ግራጫውን ስስ አድርጎ ሲረጭ ሳይ ደሜ ሞቀ። «ራቅ በል! እጅህ አይቁም! አንድ ቦታ ካደርክ ይወርድብሃል!» አልኩት። ሰማኝ። ቀለሙ ሳይወርድ፣ ሳይጨማደድ፣ አቧራ ሳይዝ ደረቀ። ዘር ከልጓም ይስባል ብዬ ለባለቤቴ ነግሬ ተኛሁ።

በማግስቱ ስነሳ ያንን የመሰለ ቀለም በስፖንጅና በቡናማ ጠቃጥቆት አገኘሁት!

«ምን ነካህ?»

«አባባ፣ ማስረጀት ነው። አዲስ ከሆነች አሻንጉሊት ትመስላለች።»

አሻንጉሊት አይደለችም ማለት ነው።

ይኸው ልጅ የማስረጀቱን ታሪክ ደግሞ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ የትምህርት ቤቱን ታሪክ እንዲህ ቢይዝልን። በፊት በፊት የፊልም መንኮራኩሮች ልሙጥና የጠሩ ነበሩ አለኝ። በ1977 ለወጣው ስታር ዋርስ ግን፣ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ ሰው የኖረበት፣ ዕቃው ያረጀና ዘይት የነካው ዓለም ፈለገ። ካሊፎርኒያ ቫን ናይስ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ የተሰበሰቡ ወጣቶች ከሱቅ የታንክ፣ የአውሮፕላን፣ የመርከብና የውድድር መኪና ሞዴል እየገዙ፣ ቁርጥራጩን እየነቀሉ መንኮራኩሮቻቸው ላይ ለጠፉ። ያ በፋልከን ጀርባ ላይ የሚታየው ቧንቧና ሳጥን ሁሉ የሌላ ዕቃ አካል ነው። ይህን ስሰማ ግን ቁጣዬ ሳቅ ሆነብኝ። የአንዱን መኪና መለዋወጫ ለሌላው መግጠም እኛስ መች አቃተን! ልዩነቱ እነሱ በኩራት ያወሩታል፣ እኛ ለደንበኛው አንነግረውም።

ዝገቱ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ብረት እንዲዝግ ኦክስጅንና እርጥበት ይፈልጋል። ጠፈር ላይ ሁለቱም የሉም ማለት ይቻላል። ይህን ስለው ፕላኔት ላይ ታርፋለች አለኝ። የትኛው ፕላኔት? ታቱይን የሚባል በረሃ። ጅቡቲ ወደብ የከረመ መኪና ይዝጋል፤ ባሕሩ አለ፣ ጨው አለ። «ታቱይን ባሕር አለው?» አልኩት። የለውም። «ታዲያ ጠርሙሱን ወደ ሱቁ መልስ!» አልኩት። ተከፍቷል፣ አይመልሱልኝም አለ።

ከዝገቱ የባሰው ልኩ ነው። ወረቀት አምጣ ብዬ አሰላሁለት። ሞዴሏ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በትልቋ ላይ 72 ሚሊ ሜትር ነው። እሱ በስፖንጅ ጠቅ ያደረጋት እያንዳንዷ ጭረት ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ 21 ሴንቲ ሜትር ከምናምን የሚያህል ቀለም ተገሽልጦ ወደቀ ማለት ነው፣ ያውም መቶ ቦታ። ይህችን መርከብ ማን ነው የቀባት? ስሙን ንገረኝ፣ ፈቃዱን ያስነጥቁት። ቀለም ደግሞ ዝም ብሎ በየቦታው አይላጥም። እጅ የሚበዛበት፣ እግር የሚረግጠው፣ በር ተከፍቶ የሚገጭበት ቦታ አለው። የታክሲ በር ከሥሩ የሚበላው ውኃ ማውጫ ቀዳዳው በጭቃ ስለሚደፈን ነው፤ ከላይ ጀምሮ የተበላ በር ካየሁ አንድ የተደበቀ ታሪክ አለ ብዬ ባለቤቱን ቀና ብዬ አየው ነበር። ልጁ ግን የዘይቱን መስመር ከጎኗ ወደ ላይ አፍስሶታል! ጠፈር ውስጥ ላይና ታች የለም አለኝ። መልስ አላጣም።

ከዚያ የባለቤቴ የፀጉር ስፕሬይ ጠፋ። ለካ እሱም ለዚህ ነው። ከሥር ቡናማ ይቀባል፣ በላዩ የፀጉር ስፕሬይ ይነፋል፣ ከዚያ በውኃ የሚቀጥነው ግራጫ ቀለም ይመጣል። ሲደርቅ በውኃ አርሶ በብሩሽ ሲፈትገው ስፕሬዩ ከሥር ይሟሟና የላዩ ቀለም ይላጣል። ቀለም እንዲላጥ ተደክሞ ይሠራል! በእኛ ጋራዥ ቀለም እንዲህ የተላጠ ቀን ደንበኛው ፖሊስ ይዞ ይመጣል። ቀጥሎ ደግሞ ጥቁር የዘይት ቀለም በቲነር አቅጥኖ በየስንጥቁ ያስገባል። ጠብታዋን ጠርዝ ላይ ሲያስነካት በመስመሩ ውስጥ ራሷ ትሮጣለች፤ ይህስ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ቲነር ቲነር ነው። አንዳንዱ ፕላስቲክ ውጥረት ባለበት መጋጠሚያ ላይ ከጠጣው ይሰነጠቃል፤ ቀድሞ ተከላካይ ሽፋን ቀባው፣ አታጠጣው፣ ወዲያው ጥረገው ብዬ ስጮህ ባለቤቴ ጎረቤት ይሰማል ብላ መስኮት ዘጋች።

ይማር ብዬ ዋሽንግተን የስሚዝሶንያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ይዞኝ እንዲሄድ ፈቀድኩለት። ልጁ በቀጥታ የሮጠው ወደ ኢንተርፕራይዝ ነው፤ በ1966 ለጀመረው ስታር ትሬክ ለተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የተሠራች ሞዴል። 3 ሜትር ተኩል ገደማ ትሆናለች፣ አብዛኛው አካሏ እንጨት ነው፣ አናጢ ሠራት ብል አልተሳሳትኩም። አንደኛው ጎኗ ግን ሳይጨርሱ የተዉት ነው! የመብራቱ ሽቦ በዚያ በኩል ስለሚገባ ካሜራ የሚያያት በሌላው ጎን ብቻ ነበር አሉ። ደንበኛ የማያየውን ጎን የማይቀባ ሠራተኛ ሆሊውድም አለ ለካ። ይባስ ብሎ በ1991 ሲያድሷት መስመርና ጥላ አበዙባት፤ የሚወዷት ሰዎች አጉረመረሙ፣ ሙዚየሙም በ2016 እንደገና አድሶ ወደ ጥንቱ መለሳት። ሳህን በሚመስለው ክፍሏ አናት ላይ ያለውን የመጀመሪያ ቀለም ግን ሳይነኩ ትተውታል። ያጉረመረሙትን ሰዎች አላውቃቸውም፤ ባገኛቸው ግን ቡና እጋብዛለሁ።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ ሦስት ሰዎች ጨረቃ ደርሰው የተመለሱባት የአፖሎ 11 መንኮራኩር ኮሎምቢያ አለች። በሰዓት ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር እየበረረች፣ በሰፊው መቀመጫዋ ቀድማ ከባቢ አየር ውስጥ ስትገባ ነው የተቃጠለችው። «እየው!» አልኩት። «እሳቱ በየት እንደመጣ ቃጠሎው ራሱ ይነግርሃል። አንድም የአጋጣሚ ነጠብጣብ የለም።» ለረጅም ጊዜ ዞረና አያት። ቤት ስንመለስ ያንን ወደ ላይ የፈሰሰ ዘይት ጠርጎ በሞተሩ ዙሪያ ጥላሸት ነፋ። ከበፊቱ ይሻላል። ይሻላል ስለው ግን አንድ ሌላ ካርቶን እንዳዘዘ በዚያው ነገረኝ፤ ይህ ልጅ ምስጋና አይችልም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአባቱ መኪና ውጭ ቆማ በእውነት እየተበላች ነው። እዚህ አገር በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨውና ውኃው ከኋላ ጎማው በላይ ያለውን ላሜራ አረፋ አስመስሎ አስነስቶታል። ዞር ብሎ ያየው የለም። ሳምንቱን ሙሉ ስነዘንዝ ሰሚ ሳጣ፣ የልጁን ብርጭቆ ወረቀት ወስጄ እጅጌዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ገና አንዴ ሳልፍቅ ከኋላዬ እየሮጠ መጣ።

«አባባ! አይንኩት፣ እባክዎ አይንኩት!»

ለመኪናው ያዘነ መስሎኝ ቀና ስል ስልኩን ደቅኖ ተንበርክኳል። ዝገቱን ከቅርብ፣ ከጎን፣ በፀሐይ፣ በጥላ ያነሳል። ለሚቀጥለው ሞዴል ማመሳከሪያ ይሆነዋል። አባቱም ደጅ ወጥቶ፣ ልጁ እስኪጨርስ እንድታገሥ ለመነኝ።