አስር ሳንቲም የማይገባው ሊቅ

«ኮምፒውተር አይሳሳትም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት፤ ሦስት ተራቢ ብቻ ጥሩለት፤ አንድ ከመንዝ፣ አንድ ከመርሐቤቴ፣ አንዲት ከግሼ። እኔ ጠርቼለታለሁ። ቦታው መሐል ሜዳ፣ ጊዜው የገበያ ቀን ማምሻ፣ ጠላ ቤቱም ሰዎቹም የዚህ ዓምድ ፈጠራ ናቸው። ጠላው ግን የገብስ ነው፤ መንዝ ላይ ሌላ ጠላ የሚቀዳ ጸሐፊ በፈጠራም ቢሆን በሰላም አይወጣም። ተከሳሹ አገሩ እዚያው ሆኖ አዲስ አበባ ለሱቅና ለቁጠባ ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት ነው።

ልጁ ላፕቶፑን ከፈተ። «ጋሼ፣ ይኼ ማሽን በአንድ ሰከንድ ቢሊዮን ሒሳብ ይሠራል።»

«ቢሊዮኑን ለባለ ቢሊዮኖቹ ተውላቸው» አለ መንዜው። «ለእኔ 10 ሳንቲምና 20 ሳንቲም ደምርልኝ።»

ልጁ 0.1 ሲደመር 0.2 ብሎ ጻፈ። ማሽኑ 0.30000000000000004 አለ።

«መጨረሻ ላይ ያለችው አራት የማን ናት?»

«የማንም አይደለችም ጋሼ። ትንሽ ስሕተት ናት።»

«ባለቤት ከሌላት ለቤተ ክርስቲያን ትሰጥ።»

ግሼዋ አንገቷን ሰግጋ አየች። «ዜሮዎቹን እዩልኝ! አንዲት አራት ይኼን ሁሉ ሎሌ አስከትላ የምትሄደው የማን ልጅ ብትሆን ነው?»

ልጁ ማስረዳት ጀመረ፤ አስረጅ ደግሞ ለተራቢ የተሰጠ በግ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ከአንድ በታች ያለውን ቁጥር የሚያውቀው ግማሹን፣ የግማሹን ግማሽ፣ የዚያን ግማሽ እያለ ነው። ፕሮግራመሮች ፍሎት ወይም ደብል የሚሉት፣ በአማርኛ ተንሳፋፊ ነጥብ የምንለው፣ ይኸው ነው። ስለዚህ ሽልንግ ግማሽ ናትና ሳትሸራረፍ ትገባለች። ስሙኒም ሩብ ናትና እንደዚያው። አስር ሳንቲም ግን በግማሽ በግማሽ አትሠራም። 1/16 ወስደህ 1/32 ጨምረህ፣ 1/256 ጨምረህ፣ 1/512 ጨምረህ ዘላለም ትሄዳለህ፤ አትደርስም። ማሽኑ ደግሞ ዘላለም የለውም። ደብል ለአሃዞቹ ያለው 53 ቢት ብቻ ነውና እዚያ ሲደርስ ወደ ቅርቡ አጠጋግቶ ይዘጋል። የተቀመጠው 0.1 ሳይሆን ከ0.1 በፀጉር ያህል የሚበልጥ ነገር ነው።

መንዜው ዋንጫውን አስቀመጠ። «ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ ነው ያልከው? ታዲያ ይኼ ማሽን የእኛው የምኒልክ ሰው ነው በለኛ!»

እዚህ ላይ ተራቢው ከፕሮግራመሩ ይበልጥ ታሪክ ያውቃል። የእምዬ ምኒልክ ብር አላድ ነበረው፣ ግማሹ ማለት ነው። ሩብ ነበረው። ተሙን ነበረው፣ ስምንተኛው። ከመዳብ የተሠራ የብር 1/32ም ነበረው። ግርሹ መጀመሪያ የብር 20ኛ ሆኖ ከሰልፉ ወጥቶ ነበር፤ በኋላ እሱም 16ኛ ሆኖ ገባ። ከእነዚህ አንዱም ለማሽኑ አያስቸግርም። ብሩን በመቶ የከፈሉት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፣ በ1923 ዓ.ም.፤ ሳንቲም የሚባለው የመጣው በ1937 ነው። የምኒልክን 16ኛ ግርሽና አንዲት 1/32 ብትደምር 9 ሳንቲም ተኩል እንኳ አትሞላም፤ ማሽኑ አስር ሳንቲም ለመሥራት የሚዳክረው በእነዚህ ነው።

«እንግዲያው የ1923ቱ ወሬ ገና አልደረሰውም!» አለ መንዜው።

«አልደረሰውም ጋሼ።»

«ምኒልክን ምን አድርገህ ነው መንዝ የምታስገባው?» አለ መርሐቤቴው ጣልቃ ገብቶ። «የተወለደው አንጎለላ ነው።»

«ሐረጉስ? የዘር ግንዱ ነጋሢ ክርስቶስ ከየት ወጣ፣ ከጀማ በረሃ?»

እነዚህን ሁለቱን ተዋቸው፤ ሲነጋም እዚያው ናቸው። ግሼዋ ግን ነጋዴ ናት፣ ወደ ገንዘቡ መለሰችው። «በል አንተ ልጅ፣ የ100 ብር ዕቃ ሸጥሁ እንበል። ተጨማሪ እሴት ታክሱን ጨምርልኝ።»

15 በመቶ ነው፤ 100 በ1.15። ማሽኑ 114.99999999999999 አለ።

«115 ነዋ!»

«ነው እትዬ፣ ሲጠጋጋ 115 ይሆናል።»

«ባይጠጋጋስ?»

ባይጠጋጋማ፣ ፕሮግራም ጻፊው ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ አስቀርቶ ሌላውን የሚቆርጥ ችኩል ከሆነ፣ ደረሰኙ 114 ብር ከ99 ሳንቲም ይላል።

«አንዷ ሳንቲምስ?»

«ተቆረጠች እትዬ።»

«ማን ፈረደባት?»

እዚህ ላይ «ዛሬ ሳንቲም ማን ያነሣል?» የሚል ብልጥ አይጠፋም። መልሱን ግሼዋ ሰጥታለች፤ «መንገድ ላይ የወደቀ ሳንቲም የሚያነሣ የለም፤ መዝገብ ላይ የጎደለን ግን ኦዲተር ተንበርክኮ ይፈልገዋል።» ለማያምን የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ አለ። በጥር 1982 እ.ኤ.አ. የአክሲዮኖቹን ዋጋ አመልካች 1000 ብሎ ጀመረ፤ በየሽያጩ እያሰላ ከነጥብ በኋላ ካለው ሦስተኛ አሃዝ ወዲያ ያለውን ማጠጋጋት ትቶ ይቆርጥ ነበር። ገበያው ደህና ነው፣ አመልካቹ ግን ይሟሽሻል። በኅዳር 1983 እ.ኤ.አ. 524 ገደማ ደርሶ ሳለ እንደገና በትክክል ቢሰላ 1098 ሆኖ ተገኘ። ሌባ አልነበረም፤ ፍርፋሪ ነበር።

ሌላው አይተረብበትም። በየካቲት 1991 እ.ኤ.አ. ዳህራን ላይ የፓትሪዮት ሚሳይል መከላከያ ሰዓቱን በሰከንድ አስረኛ ሲቆጥር 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ቆየ፤ ያቺው የማትገባ 0.1 በ24 ቢት ተቆርጣ ተቆርጣ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ሆነች። የመጣው ሚሳይል አልተመታም፤ 28 ወታደሮች ሞቱ።

ልጁ አሁን ዞረባቸው፤ ጎበዝ ነው፣ አገሩም እኮ እዚያው ነው። «ጋሼ፣ በአስርዮሽ መጻፍስ ከስሕተት ያድናል? መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ተብላ ለሦስት ተከፍላ የለ? አንዱን ድርሻ በነጥብ ይጻፉልኝ።»

0.3333 እያሉ መሄድ ነው፤ እሱም አያልቅም። መርሐቤቴው በሳቅ ጠላውን ደፋ።

መንዜው ግን ምን ገዶት! «ነጥብ ምን ሊሠራልኝ? ሲሶ እለዋለሁ። ሲሶ አራሽ ለባለ ርስቱ ያስረከበው ሲሶውን ነው፤ 0.33 ይዞ ቢሄድማ የጎደለችውን ፍሬ ከጎተራው ያወጡበት ነበር።»

ሳያውቀው ትክክለኛውን መንገድ ተናገረ። ፓይተን ፍራክሽን የሚል ዓይነት አለው፤ ሲሶን 1 ለ3 ብሎ እንዳለ ይይዛል፣ ወደ ነጥብ አይቀይረውም። ሊስፕም እንዲሁ ነው። ዘገምተኛ ነው ይሉታል፤ መንዜም ዘገምተኛ ነው፣ ግን ርስቱን አልተነጠቀም።

«ሌላስ ምን ጉድ አለ?» አለ መርሐቤቴው፣ የወዳጁ ማሸነፍ ስላልጣመው።

«የመደመር ቅደም ተከተል አለ። 0.1ና 0.2 ደምረው 0.3 ቢጨምሩ 0.6000000000000001 ይላል። 0.2ና 0.3 ደምረው 0.1 ቢጨምሩበት ግን 0.6 ይላል።»

«እንዴ! የእድሩን ሣጥን ከዓለም ከተማ ጀምሬ ስቆጥርና ከመሐል ሜዳ ጀምሬ ስቆጥር ገንዘቡ ይለያያል?»

«በፍሎት ከሆነ ሊለያይ ይችላል ጋሼ።»

ኮምፓይለሩም በዚህ ይገባበታል። ፋስት ማዝ የሚባለውን ፈቃድ ከሰጠኸው፣ ለፍጥነት ብሎ የድምሩን ቅደም ተከተል እንዳሻው ያቀያይረዋል። የድሮው የኢንቴል ኤክስ87 ደግሞ ስሌቱን በ80 ቢት ይዞ ወደ ማኅደረ ትውስታ ሲያወርደው 64 ስለሚያደርገው፣ አንዱ ቁጥር ሁለት ቦታ ሁለት መልክ ነበረው፤ የጂሲሲ ኮምፓይለር ስሕተት ቁጥር 323 በዚሁ የታወቀ ነው። ዳታቤዝም ብዙ ሠራተኛ አሰልፎ የፍሎትን ዓምድ ሲደምር፣ ማን ቀድሞ እንደጨረሰ እየታየ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለዋወጡ ይችላሉ።

«ጠዋት የተናገረውን ከሰዓት የሚለውጥ ምስክር» አለ መርሐቤቴው፣ «በእኛ ሸንጎ ጥላ ሥር አይቆምም፤ ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው።»

ልጁ ዝም ቢል ይሻለው ነበር። ናንን አመጣባቸው። ዜሮን ለዜሮ ስታካፍል የሚወጣ፣ ቁጥር ያልሆነ ቁጥር ነው፤ ጉዱ ደግሞ ከራሱ ጋር እኩል አለመሆኑ። ናን ከናን ጋር እኩል ነው ወይ ብትለው «አይደለም» ይላል።

«ራሱን የሚክድ!» አለች ግሼዋ። «ዳታቤዝ ውስጥ ይኼን የት ታስቀምጡታላችሁ?»

«ፖስትግሬስ ሲደረድር እኩል ነው ይልና ከቁጥር ሁሉ በላይ ያስቀምጠዋል።»

«ራሱን የማያውቅ ከሁሉ በላይ ተቀመጠ?» መንዜው ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይኼንንስ ከማንም አልተማረውም፤ አገር አይቶ ነው።»

ደግሞ ሁለት ዜሮ አላቸው፤ ተራ ዜሮና የመቀነስ ምልክት ያለበት ዜሮ። እኩል ናቸው ይባላል፤ ግን አንድን ለመጀመሪያው ብታካፍል ወደ ላይ፣ ለሁለተኛው ብታካፍል ወደ ታች ወሰን የለሽ ይሆናል። በግእዝ አኃዝ ዜሮ ጭራሽ የለም፤ አባቶቻችን ከዚህ ጣጣ ተርፈዋል። ግሼዋ ግን ሁለቱንም ታውቃቸዋለች፤ «አንዱ ባዶ ኪስ ነው፤ ሌላው ባዶ ኪስ ሆኖ አበዳሪ የሚከተለው።»

ፍርድ እንስጥ። የዛሬውን ደብል የሠራው ሰው ቂል አልነበረም። ዊልያም ካሃን የሚባል የሒሳብ ሊቅ ነው በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣውን አይትሪፕልኢ 754 የተባለ ደንብ በዋናነት የቀረጸው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ማሽን የየራሱን ውሸት ይዋሽ ነበር፤ አንድ ዓይነት እንዲሆን አደረገው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የቱሪንግ ሽልማት ሰጡት። ተንሳፋፊ ነጥብ ለሚለካ ነገር ነው። መንዝ ያለውን የጓሳ ሣር ምድር ከፍታ በሜትር ብትይዝበት ስሕተቱ ከአቶም ያንሳል፤ ቀይ ቀበሮዋም አትሰማውም፣ ጓሳውን የሚያጭደውም አይሰማውም። ዝናብም፣ ብርድም፣ የገደል ጥልቀትም እንዲሁ። ገንዘብ ግን አይለካም፤ ይቆጠራል።

መንዜውም ያለው ይኼንኑ ነው። «እኔ በግ ስሸጥ የመንጋ ክፍልፋይ አልቆጥርም፤ በግ ነው የምቆጥረው። አንተም ሳንቲም ቁጠር።»

ትክክል ነው። 100 ብርን 10000 ሳንቲም ብለህ በሙሉ ቁጥር ያዝ፤ በ115 አባዛ፣ ለ100 አካፍል፤ 11500 ሳንቲም፣ 115 ብር። ፍርፋሪ የለም። ወለድ በየቀኑ የምታሰላም ከሆነ፣ ወይ ሳንቲሙን ለትንሽ ክፍል ከፍለህ በሙሉ ቁጥር ያዝ፣ ወይም ዴሲማልና ኑሜሪክ የሚባሉትን የዳታቤዝ ዓይነቶች፣ በጃቫ ደግሞ ቢግዴሲማልን ተጠቀም፤ የት ላይ እንደሚጠጋጋም አስቀድመህ ጻፈው። ኤስኪውላይት ላይ ተጠንቀቅ፤ ዓምዱን ዴሲማል ብለህ ብትሰይመውም ነጥብ ያለውን ቁጥር ውስጥ ውስጡን ፍሎት አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ስሙ ብቻ የተለወጠ ደግሞ ለማንም አዲስ አይደለም።

የቢሮ ሰዎችም አትሳቁ፤ ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ነው። 16 አሃዝ ያለውን የፋይዳ ካርድ ቁጥር እንደ ቁጥር ከጻፋችሁበት የመጨረሻዋን ዜሮ ያደርግና ሰውየውን ሌላ ሰው ያደርገዋል። የንግድ ባንክ 13 አሃዝ ሒሳብ ቁጥርንም 1.0002E+12 አድርጎ ያሳያችኋል፤ ይኼኛውስ የዓምዱን ዓይነት «ቁጥር» ብታደርጉት ይመለሳል። ሁለቱም የማይደመሩ የማይቀነሱ ናቸውና ከመጻፋችሁ በፊት የዓምዱን ዓይነት ጽሑፍ አድርጉት።

የሒሳብ ፕሮግራም ልትገዙ የምትሄዱ የቁጠባ ማኅበር ሰብሳቢዎች፣ ከዋጋው በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፤ ብሩን በምን ዓይነት ዓምድ ነው የምታስቀምጠው? «ፍሎት» ካለ ውል አትፈርሙ።