ገመድ አልባ በዘመድ

የፍላሽ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን "ገመድ አልባ" እያሉ ሲያሞግሱ፣ የቀረው ገመድ በምን እንደተተካ አይናገሩም። በኛ አገር የተተካው በዘመድ ነው። ዱሮ ፍላሹን ከካሜራው የሚያገናኘው አንዲት ሽቦ ነበረች፤ ዛሬ የሙሽራው ወንድም፣ የሙሽሪት የአክስት ልጅ፣ እንዲሁም ለሠርግ ብሎ ከሩቅ መጥቶ ምሳውን ገና ያልቀመሰ አንድ ሚዜ ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ በጥር ወር ዘንገና ብቅ ይበል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ እንጅባራ ከመድረሱ በፊት፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ አለ። ጥልቀቱ 166 ሜትር ነው ይባላል፤ ለመለካት የተነሣ ሚዜ እስካሁን አላየሁም። ዙሪያው ደን ነው። የእንጅባራም የዳንግላም ሙሽራ መኪናውን በአበባ አስጊጦ "ፎቶ ፕሮግራም" የሚወጣው እዚያ ነው።

ቦታው ውብ ነው፤ ብርሃኑ ግን አመለኛ ነው። ፀሐይ ከጉድጓዱ ጠርዝ ጀርባ ቶሎ ትገባለች። ሰማዩ ገና ነጭ ሳለ የዛፉ ሥር ይጨልማል። ሙሽራው ጥቁር ሱፍ፣ ሙሽሪት ነጭ ቬሎ ለብሰዋል። ካሜራው ለሰማዩ ሲስተካከል ሙሽራው ከዛፉ ግንድ አይለይም፤ ለሙሽራው ሲስተካከል ደግሞ ቬሎው ከሰማዩ ጋር ይጠፋል። ካሜራው አናት ላይ የተሰካው ፍላሽም አያድንም፤ ፊቱን ጠፍጣፋ አድርጎ የሚዜዎቹን ግንባር ላብ ብቻ አጉልቶ ያወጣል።

ስለዚህ ባለሙያው ሦስት ፍላሽ ይዞ ይመጣል። "ኤ" በሶፍትቦክስ ከጎን ሆኖ ፊት ያበራል። "ቢ" ከኋላ ሆኖ የትከሻውንና የቬሎውን ጠርዝ ከጨለማው ይለያል። "ሲ" ከጀርባ ያለውን ዛፍ ይጠብቃል። ካሜራው ላይ ያለችው ትንሽ ትሪገር የሦስቱንም ኃይል ከሙሉ እስከ 1/128 ድረስ ለየብቻ ታዛለች። እስከዚህ ድረስ በእውነት የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ከዚያ ከሐይቁ ነፋስ ይነሣል። ሶፍትቦክሱ ከነስታንዱ ወደ ውኃው ጉዞ ሲጀምር፣ ፎቶ አንሺው ዞር ብሎ ዘመድ ይቆጥራል።

በአንዱ ሠርግ ላይ ፍላሽ አስይዞ እኔን "ቢ" አደረገኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በስሜ የሚጠራኝ ጠፋ። "ቢ፣ ቀና በል! ሲ፣ ጭንቅላትህ ይታያል፣ ግባ!" ይላል። የሙሽሪት አክስት እንኳ ለምደውት "ያ ሲ የተባለው ልጅ ምሳ በልቷል ወይ?" ሲሉ ሰማሁ።

ፍላሽ መያዝ ቀላል የሚመስለው ላልያዘው ነው። ብርሃን በርቀት ላይ ጨካኝ ነው፤ ከ2 ሜትር ወደ 4 ሜትር ብትሸሽ ግማሹ ሳይሆን ሩቡ ብቻ ይደርሳል። ዘመድ ደግሞ ይሸሻል። ፎቶ አንሺው ሙሽራውን "ትንሽ ወደኋላ" ሲለው "ኤ"ም አብሮ ወደኋላ ይሄዳል፤ ታዛዥ ልጅ ነዋ። "ፈገግ በሉ" ሲባል ከዛፍ ጀርባ ያለው "ሲ" ጥርሱን ያሳያል። ከሁላችን የተሻለ ሥነ ሥርዓት የነበረው ሙሽራው ለፎቶ የተቀመጠበት ፈረስ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር በሺዎች መሀል ለመሮጥ የለመደ፣ የአድዋ ዘማቾችን ተሸክሞ የሄደ ዘር ነውና፣ ሦስት ፍላሽ ባንድ ጊዜ ሲበርቅበት ጆሮውን እንኳ አላቆመም። የበረገገው ሚዜው ነው።

ፍላሾቹ እንዴት እንደሚግባቡ ላስረዳ፤ ኋላ የመጣው ጣጣ የሚገባው ያኔ ነው። ለምሳሌ ኒኮን በ2003 እ.ኤ.አ. ያመጣው ዘዴ በብርሃን የሚነጋገር ነበር፤ አንዱ ፍላሽ ብልጭ ብልጭ ብሎ ሌላውን ያዛል። መተያየት ግን የግድ ነው። ዘመድ መሀል ከቆመ ወይም ፀሐይዋ ከበረታች ትእዛዙ አይደርስም። ሌላው መንገድ ራዲዮ ነው፤ ካኖን በ2012 እ.ኤ.አ. ራዲዮውን እዚያው ፍላሹ ውስጥ አስገባው። አሁን የብዙዎቹ ትሪገሮች ሞገድ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ የዋይፋይ ጎረቤት ማለት ነው። ዛፍ አያግደውም፣ አክስትም አያግዱትም። ደግ ነገር ነው። ችግሩ ጆሮው ሰፊ ነው፤ የሰውንም ይሰማል።

የዚያን ቀን ሐይቁ ዳር ሌሎች ሁለት ሠርጎች ነበሩ። ሁሉም ፎቶ አንሺ አንድ ዓይነት ትሪገር ገዝቷል፣ ሁሉም ከካርቶኑ እንደወጣ ቻናል 1 ላይ ትቶታል። እኔ ፍላሹን ተሸክሜ ቆሜ ሳለ፣ ማንም ሳያዘኝ በራሴ ጊዜ እበርቃለሁ። የኛ ፎቶ አንሺ ካሜራውን አላነሣም። ቀና ብዬ ሳይ፣ ከማዶ ሌላ ሙሽራ የሌላ ሙሽሪት ግንባር እየሳመ ነው። ለማላውቃቸው ሰዎች ትዳር ባትሪዬን እጨርሳለሁ። የኛ ሙሽራ ሲስም ደግሞ የነሱ "ኤ" ይበርቃል፤ ከነሱ በኩልም "ማነው የሚነካካው?" የሚል ቁጣ ተሰማ።

ጉዳዩ ፎቶ አንሺዎቹ እጅ ላይ ቢቀር በመልካም አያበቃም ነበር። ደግነቱ የሙሽራው ታላቅ አጎት፣ አያ ብለን የምንጠራቸው፣ ዱላቸውን ይዘው ወደ መሀል ገቡ። ነገሩን ጠየቁ፣ አስረዷቸው። "ስንት አለው ይሄ ቻናል የምትሉት?" አሉ። "32።" "ታዲያ 32 ቦታ እያለ ሦስታችሁ አንድ ላይ የተጨናነቃችሁ ማን አስሯችሁ ነው?" ዝም ተባለ። የዳንግላውን በ5፣ የእንጅባራውን በ12፣ የኛን በ20 አደላድለው ቻናል 1ን እንደ ወል ግጦሽ ማንም ብቻውን እንዳይዘው ወሰኑ። ሦስቱም ፎቶ አንሺዎች ቁልፋቸውን ሲጫኑ የየራሳቸው ብርሃን ብቻ በራ። አንደኛዋ ሙሽሪት እልል አለች፤ የኛዋ አይደለችም።

ሊመሽ ሲል አንድ አራተኛ ሠርግ ጡሩምባውን እየነፋ ደረሰ። ወጣቱ ፎቶ አንሺ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ስታንዱን መዘርጋት ጀመረ። አያ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወደሱ አመሩ።

"እንኳን ደህና መጣህ የኔ ልጅ። ስንተኛው ላይ ነህ?"