ለተለጠጠው ዕቅድ የቀረበ ውዳሴ

ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የሰው ልጅ አንዳንዴ ዓላማውን አስቀድሞ ሥራውን አስከትሎ፣ አንዳንዴም ሥራውን ጀምሮ ዓላማውን በመንገድ ላይ እያገኘ ሲኖር፣ ሁለቱንም ወደ ጎን ትቶ ቁጥርን ብቻ በመንበር ላይ ያስቀመጠ አገር ግን ከእኛ በቀር አልተገኘምና፣ ይህን የመሰለ ዕፁብ ድንቅ ጥበብ ያለ ምስጋና ማለፍ ውለታ ቢስነት ይሆንብኛል።

የጥበቡ ምንጭ ከላይ ነው። በአዲስ አበባ አንድ የዕቅድ ቁጥር ይወለዳል፤ አባቱ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ግን እንደ መናፍቅ ይታያል። ከዚያ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን ሲወርድ፣ ባረፈበት ሁሉ «የተለጠጠ» የሚል ቅጽል እየተቀበለ ጥቂት ጥቂት ይጨመርለታል፤ ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ሲገባም፣ በየቤቱ ግብር ሲበላ እንደ ከረመ እንግዳ ደልቦ ነው። የሚቀበለው የወሎ ቦረና ሰው፣ ጨዋነቱ የታወቀ ወሎዬ ነውና፣ «አብሽር፣ ይደርሳል» ብሎ ይፈርማል። በእውነቱስ «አይደርስም» ማለት ምን ይጠቅመዋል? የሚችለውን ያህል ያቀደ ሰው ተነሣሽነት የጎደለው ሲባል፣ የማይችለውን ያቀደ ግን፣ ባይፈጽመውም፣ ባለ ራእይ ይባላል።

እስቲ ይህ ቁጥር በመጨረሻ የሚያርፍበትን ቤት እንይ። በአማራ ሳይንትና በለጋምቦ ደጋ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አገር፣ የበግ ጠጉር ተሸልቶና ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በሴቶች እጅ በእንዝርት ከተፈተለ በኋላ፣ ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ ተቀምጦ፣ ድሩን ወጥሮ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ባና ያደርገዋል። ይህ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉት፤ ባናው ለማን ነው? ለእረኛ ነውን ወይስ ለሙሽራ? መቼ ይደርስ? ሱፉን ማን ያመጣል? በንግድ ትምህርት ቤት ጥራት፣ ፍጥነት፣ ቃልን መጠበቅ፣ እንደ ደንበኛው ፈቃድ መለዋወጥና ወጪን መቀነስ ተብለው የሚዘረዘሩትን አምስቱን የሥራ ዓላማዎች ሸማኔው በስማቸው ባያውቃቸውም በጠባያቸው ያውቃቸዋል፤ አንዱን ከፍ ያደረገ ሌላውን ዝቅ ሳያደርግ እንደማይቀር፣ የቸኮለ ሸማኔ ድሩ እንደሚላላበት፣ ርካሽ የፈለገ ደንበኛም ስሱን ባና ለብሶ እንደሚያድር ከአባቱ ተምሯል። የዕቅዱ ባለሙያ ግን፣ ምስጋና ይግባውና፣ ከዚህ ሁሉ ማመንታት አርፏል። አምስቱንም ዓላማዎች አሰናብቶ በቅጹ ላይ የሚሞላው ከአምስቱ ያልተቈጠረውን ብዛትን ብቻ ነው። በጉ በዓመት ስንት ጊዜ ይሸለታል የሚለው ጥያቄ በቅጹ ላይ መስመር አልተሰመረለትም፤ ስለዚህ በጉ በዕቅዱ አፈጻጸም ውስጥ ኀላፊነት የለበትም።

የአመራረት ስልት ሲመረጥም የሚታየው ግርማ ከዚህ አያንስም። በትእዛዝ አንድ በአንድ እየለዩ መሥራት፣ በዙር በዙር እየከፈሉ መሥራት፣ ሳያቋርጡ በተከታታይ ማምረት የየራሳቸው ስፍራ አላቸው፤ የመጀመሪያው ለባና፣ ሁለተኛው ለዳቦ ቤት፣ ሦስተኛው ምድጃው ቢቆም ኪሳራው ለሚከብድ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይስማማል። የእኛ ሊቃውንት ግን ስልትን የሚመርጡት በስሙ ግርማ ነው፤ ስሙ የባሕር ማዶ ከሆነ፣ ያለ ተጨማሪ ምርመራ ይጸድቃል። ሄንሪ ፎርድ በ1913 እ.ኤ.አ. ተንቀሳቃሹን የመገጣጠሚያ መስመር ዘርግቶ የአንዱን መኪና ሻሲ የመገጣጠሚያ ጊዜ ከ12 ሰዓት ተኩል ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ያወረደው፣ ከ1908 ጀምሮ ለገበያ ያቀረበውን አንድ ዓይነት መኪና ፈላጊው ስለ በዛበት ነበር። ቶዮታም በተቃራኒው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያዋ ጠባብ፣ ገንዘቧ ውሱን ስለ ነበር፣ ብዙ ዓይነት መኪና በጥቂት በጥቂቱ መሥራትን ከችግሯ ተማረች። እነርሱ ከምክንያት ተነሥተው ወደ ስልት ደረሱ፤ እኛ ከስልቱ ተነሥተን ምክንያቱን ገና በመፈለግ ላይ ነን። ካይዘን የተባለው የማሻሻያ ስልት በጃፓን መንግሥት ትብብር በአገራችን በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ሲቆምለት፣ በእርግጥ ብክነት የቀነሱ ፋብሪካዎች እንደ ነበሩ አልክድም (ሽሙጥም ቢሆን ሐሰት አይፈቀድለትም)። ዳሩ ግን ስልቱ ከፋብሪካው ወጥቶ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲዛመት፣ አምስቱ የካይዘን «ማ»ዎች በግድግዳ ላይ ተለጥፈው፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥና ማጽዳት በወንበርና በመዝገብ ሣጥን ላይ ተፈጽመው ሲያበቁ፣ ባለጉዳዩ እንደ ድሮው «ነገ ና» ተብሎ ይመለሳል፤ የሚመለስበት መተላለፊያ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጽዱ ነው።

የጤፍ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2003 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ ጤፍ በብተና መዘራቱ ቀርቶ በመስመር ቢዘራ ምርቱ በ70 ከመቶ ያህል እንደሚያድግ፣ ዘሩም በሄክታር ከ30 እስከ 50 ኪሎ ግራም መሆኑ ቀርቶ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም እንደሚበቃ ተሰበከ። ዘር መቆጠቡና ቡቃያው መተንፈሱ መልካም ምክር መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን በአንድ ግራም ውስጥ 3,000 ያህል ፍሬ የሚገባበትን፣ እፍ ቢሉት የሚጠፋውን ይህን እህል፣ በሐምሌ ዝናብ፣ በመረሬ ጭቃ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያንጠባጥበው ማን እንደ ሆነ በትምህርቱ አልተጠቀሰም። በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ሲተው፣ በአንድ ሄክታር ላይ የሚሰመረው መስመር ቢቀጣጠል 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በብተና የሚዘራ ገበሬ ማሳውን በከብት አስረግጦ፣ ዘሩን በእጁ በትኖ በአጭር ጊዜ ይገላገላል፤ በመስመር የሚዘራው ግን ሚስቱን፣ ልጆቹንና ጎረቤቱን አሰልፎ፣ ክዳኑ የተበሳ የውኃ ፕላስቲክ ጨብጦ፣ 50 ኪሎ ሜትር ጎንብሶ ይሄዳል፤ በስተኋላ አረሙን ሲያርም ጥቂት ያርፍ ይሆናል። በገበሬው ማሳ ላይ ምርቱን የመዘኑ ተመራማሪዎች፣ ጭማሪው ከተሰበከው እጅግ ያነሰ፣ የሚጠይቀው ጉልበት ግን የበዛ መሆኑን ጻፉ። ይህ ምን ያስደንቃል? በሠርቶ ማሳያ ላይ የሚቆመው ባለሙያ ደመወዝተኛ ነው፤ በማሳው ላይ የሚቆመው ደግሞ ጊዜውን ከራሱ ጉሮሮ የሚነጥቅ ነው። ብልህ ገበሬ ግን መድኃኒቱን አያጣም፤ የልማት ሠራተኛው በሚያልፍበት በመንገድ ዳር ያለውን በመስመር፣ ከጉብታው ጀርባ ያለውን በብተና ይዘራና ሁለቱንም ጌቶች ያስደስታል።

ዓመቱ ሲፈጸም የዕቅዱ ትርጓሜ ይጀመራል። ክንውኑ 40 ከመቶ የሆነ እንደ ሆነ፣ የሪፖርት ሊቃውንት ንባቡን እንዳለ አያነቡትም፤ አንድም የግብዓት እጥረት ነው ይላሉ፤ አንድም ዕቅዱ የተለጠጠ ስለ ነበር 40 ከመቶው ላልተለጠጠው 100 ነው ይላሉ፤ አንድም ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ዕድገት ታይቶበታል ይላሉ፤ አንድም የአመለካከት ችግር ነው ብለው ወደ ሸማኔው ወይም ወደ ገበሬው ያወርዱታል። ወደ ላይ የሚወጣ አንድም ግን የለም።

ይህ ጥበብ የትናንት አይደለም። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ፕላን በ1950 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ሦስተኛው ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. ሲዘልቅ፣ መዝገቡ በአዲስ አበባ ሲዘጋ በወሎ ረኃብ ይከፈት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ እስከ 1986 የሚያደርሰውን ጉዞ ሲጀምር፣ ይኸው ወሎ ዳግመኛ ልጆቹን ይቀብር ነበር፤ ያቀደው መንግሥትም በ1983 ወድቆ ዕቅዱን ያለ ባለቤት ተወው። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በተዘረጋው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድም፣ ከጨርቃ ጨርቅና ከአልባሳት የውጭ ንግድ በዘመኑ መጨረሻ በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገኝ ታቅዶ፣ የተገኘው ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ዐሥር እጅ ማነሱን ያየ ሰው ዐቃጁ የሚያፍር ይመስለው ይሆናል፤ ዐቃጁ ግን በዚያን ጊዜ የሁለተኛውን ዕቅድ መግቢያ በመጻፍ ላይ ነበር።

እንግዲህ የከርሞውን ዕቅድ የምትጽፍ ወንድሜ ሆይ፣ ምስጋናዬን ከፈጸምሁ በኋላ አንዲት ልመና አለችኝ። ቁጥሩን ከማስፈርህ በፊት ወደ መካነ ሰላም ስትመጣ፣ ከሸማኔው ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጥና፣ አንድ ባና ስንት በግ፣ ስንት ቀንና ስንት እጅ እንደሚፈልግ ጠይቀው። በደስታ ይነግርሃል፤ ውሎ አበል ግን አይከፈልበትም።