ጎል ሲገባ ስለሚጮኽበት ሥርዓት

ጎል ሲገባ መጮኽ ማንም የሚችለው ነገር ይመስላል። ስህተቱ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። እርስዎ ጅማ ላይ ስታዲየም ገብተው አፍዎን ሲከፍቱ የሚሰማዎት ከጎንዎ የተቀመጠው ሰው ብቻ አይምሰልዎት። ከአጥሩ ውጭ ባጃጁን ዛፍ ሥር አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ሹፌር፣ ረከቦቷን ዘርግታ ጀበና የጣደችው ሴት፣ ሱቁን ለማን ትቶ ይምጣ ብሎ የቀረው ነጋዴ፣ ሁሉም ጨዋታውን የሚከታተሉት በእርስዎ ጉሮሮ ነው። ድሮ አዋጅ ሲወጣ ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ ጎሳሚው ታዲያ ደስ ስላለው ብቻ ተነስቶ አይጎስምም። የእርስዎም ጩኸት ዜና ነው፤ ተጣርቶ ይውጣ።

ይህን የምልዎት ተቀጥቼበት ነው። አንድ ቀን የኛ አጥቂ ኳሷን መረብ ውስጥ ሲከታት እኔ ከሁሉ ቀድሜ፣ ከረዳት ዳኛውም ባንዲራ ቀድሜ፣ ብድግ ብዬ ጮኽኩ። የኔን ሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ ጮኸ። ኦፍሳይድ ነበር። ስወጣ አንድ የባጃጅ ሹፌር በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ፤ ጩኸቱን ሰምቶ በደስታ ሁለት ሰው በነፃ አድርሶ መጥቷል። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የጮኸው እርስዎ ነዎት አሉኝ፤ ሒሳቡን ይክፈሉ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የረዳት ዳኛውን ክንድ ሳላይ ትንፋሼን አላወጣም። እርስዎም እንደዚሁ ያድርጉ፦ ኳሷ መረብ ነካች፤ ወደ መስመሩ ዳር ይመልከቱ፤ ባንዲራው ወርዷል፤ ዋናው ዳኛ ወደ መሃል ሜዳ ጠቆመ። አሁን ይጩኹ። ሁለት ሰከንድ ቢዘገዩ ጎሏ የትም አትሄድም።

ምን ብለው ይጩኹ? ይህ በጅማ ቀላል ነው። በአማርኛ ጎል ጎል ነው፤ አፋን ኦሮሞው አንዲት «ኢ» ጨምሮ ጎሊ ይለዋል። አስተርጓሚ የማያስፈልገው ብቸኛው የከተማችን ስብሰባ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ መሣሪያው እንለፍ። ከሁሉ በላይ እልልታን አስቀምጣለሁ። ባትሪ አይፈልግም፣ በር ላይ ፈታሽ አይቀማዎትም፣ ከሠርግ እስከ ጥምቀት የተፈተነ ነው። ችግሩ ወንዶች አንችልበትም፤ ስንሞክረው የታነቀ ዶሮ ድምፅ ይወጣናል። ስለዚህ እህትዎን፣ እናትዎን ይዘው ይግቡ፣ ትኬታቸውንም እርስዎ ይግዙ። ሁለተኛው ከበሮ ነው። ከበሮ መቺ ግን ጨዋታ አያይም፤ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ፊቱን ወደ ደጋፊው ያዞራል። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ጎል የሚያየው በሰው ዓይን ውስጥ ነው። ይህን መሥዋዕትነት ካልተቀበሉ ከበሮውን አይንኩ። ቩቩዜላ? እ.ኤ.አ. በ2010 ደቡብ አፍሪካ ዓለምን ያደነቆረችበት ያ የላስቲክ ጥሩምባ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከአውሮፓ ውድድሮች ተባሯል። እኔም የምጠላው አውሮፓ ስለጠላው አይደለም። ጎል ገባም አልገባም ድምፁ አንድ ነው፤ ከአጥር ውጭ ላለው ሰው ምንም አይነግረውም። ዜና የማይናገር ጩኸት ምን ይሠራል?

ጥቂት ቃል ስለ ሙቀጫ። በቡና አገር ሙቀጫና ዘነዘና የሌለው ቤት የለም፤ ድምፁም ግሩም ነው። ነገር ግን ከቤት ይዘው ሊወጡ ሲሉ ባለቤትዎ የሚያሰሙት ድምፅ ከስታዲየሙ ይበልጣል። ይተዉት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆኑ መሣሪያዎ አልጋዎ ሥር ነው፤ ቢጫዋ ጀሪካን። የውሃ ነገር በግቢ ውስጥ እንዴት እንደሆነ ያውቁታልና፣ የሞላች ጀሪካን እንደማትጮኽ፣ ባዶዋ ደግሞ ማታ እንደምታስለቅስ አስበው ይምረጡ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረው በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው ይባላል። ወረቀት ላይ እውነት ነው። ግብርናና ጤና ኳስ ሲገጥሙ ጀሪካን ይዞ ዳር የቆመ ሰው ግን ውህደቱ ገና ብዙ እንደሚቀረው ይረዳል። የጤና ተማሪዎች በተለይ ተጠንቀቁ፦ የጆሮን ነገር የተማራችሁት እናንተ ናችሁ። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ሦስት ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ እያጠረ፣ 100 ላይ ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ ይቀራል። የጓደኛ ጆሮ ሥር ጀሪካን እየደበደቡ ሐኪም እሆናለሁ ማለት አይገጥምም።

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስልዎት። አሜሪካኖች እግር ኳስ ብለው በእጅ ይዘው የሚሮጡት ጨዋታ አላቸው፤ የኮሌጅ ደጋፊዎቻቸውም ከኛ የባሱ ናቸው። ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡድኑ ነጥብ ባስቆጠረ ቁጥር መድፍ ያስተኩሳል። ሚሲሲፒ ስቴት የሚባለው ደግሞ የላም ቃጭል ነው የሚያንቃጭለው። ሊጋቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ቃጭሉን ከለከለ፤ ደጋፊው ልብሱ ውስጥ እየደበቀ ማስገባቱን ቀጠለ፤ በ2010 ግን ተሸነፉና ፈቀዱ። ሲፈቅዱ ያስቀመጡት ደንብ ነው የሚገርመኝ፦ ጨዋታ በሚካሄድበት ሰዓት ዝም፣ ነጥብ ሲቆጠር ግን ማንቃጨል ይቻላል። እኔ ከባጃጅ ሹፌር የተማርኩትን እነሱ ለመማር 36 ዓመት ፈጀባቸው። መድፉን ግን እንዳይመኙ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት መውረዱን አይረሳም፤ ለጎል ከሩምታ ይልቅ እልልታ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ለመጀመሪያው ጎል ጉሮሮውን ይሰነጥቅና ለአራተኛው ያጨበጭባል ብቻ። ይህ ስንፍና ነው። ማስረጃው እዚሁ አለ፦ ከተማችን ሁለት ክለቦቿን «አባ» ብላ ሰይማለች፤ አንዱ አባ ቡና፣ ሌላው በፈረሱ ስም በተጠራው ንጉሥ አባ ጅፋር። አባ ቡና በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ፤ አባ ጅፋር በምትኩ ወጣ። በ2010 ዓ.ም.፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ ዋንጫውን አነሳ። በምን? ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ልዩነት! ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ያን ዓመት 23 ጎል አስቆጥሯል። እስቲ ያስቡት፣ «አራት ለባዶ ሆነናል፣ ይበቃል» ብለው ቁጭ ያሉበት ቀን ዋንጫው በዚያች ጎል ላይ የተንጠለጠለ ቢሆንስ? ቡናን አቦል ጠጥቶ የሚነሳ እንግዳ የለም፤ ቶናና በረካ አለ። ጎልም እንደዚሁ።

ጩኸት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ደግሞ አይተነዋል። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የሊጉ ቡድኖች በሙሉ አንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ሲጫወቱ ጅማም ተራዋ ደርሶ አስተናገደች፤ ጨዋታውም በዲኤስቲቪ ይተላለፍ ነበር። የአገሪቱ ትልልቅ ቡድኖች ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ውስጥ፣ ከተማዋ ደግሞ ከአጥር ውጭ። የአሰልጣኝ ቁጣ፣ የኳስ ምት፣ የግብ ጠባቂ ጓንት ሳይቀር በቴሌቪዥን ይሰማል። ጎል ሲገባ አስር ሰው ተቃቀፈ፣ አለቀ። እንደዚያ ያለ ጎል ለቅሶ ቤት የተሰማ ቀልድ ነው። በዓመቱ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ አባ ጅፋር ራሱ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ሁለቱ አይገናኙም፤ እኔ ግን በልቤ አገናኝቻቸዋለሁ።

ቅዳሜና እሁድ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ከዋሉ የዲኤስቲቪ ቤት ሥርዓትም ያስፈልግዎታል። ወራቱ ጥቅምትና ኅዳር ከሆነ ደጅ ላይ እሸት ቡና በአልጋ ተሰጥቷል፣ ውስጥ አርሴናል ይጫወታል። አጎራባች የሆኑ ሁለት ቤቶች በተለያየ መስመር የሚያሳዩ ከሆነ አንዱ ከሌላው ጥቂት ሰከንድ ይቀድማል። እርስዎ አጥቂው ገና ኳስ ሲያቆም እያዩ ከግድግዳው ማዶ «ጎ-ኦ-ኦል!» ይፈነዳል። ከዚህ የከፋ ግፍ አላውቅም። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ቀዳሚው ቤት ይግቡ፣ ወይ ከቀዳሚው ቤት ሰዎች ጋር ይስማሙ። ሁለተኛውን ሞክሬዋለሁ። አልተስማሙም።

ጎሉ የተቃራኒ ቡድን ከሆነ አንድ ድምፅ ብቻ ይፈቀዳል፤ ከንፈር መምጠጥ። እሱም አንዴ፣ ረዘም ተደርጎ። ስታዲየም ሙሉ ሰው አብሮ ከንፈር ሲመጥ ውጭ ያለችው ባለ ጀበና ሰምታ የከሰሉን እሳት ቀነስ ታደርጋለች፤ የሚወጣው ሰው ቡና ሳይጠጣ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ታውቃለቻ።

ካሸነፉ ግን ሲወጡ ጥሩምባውና የባጃጁ ክላክስ ሁሉ ይፈቀዳል፤ እስከ መግሪብ አዛን ድረስ። አዛኑ ሲጀምር ይቁም፤ ሲያልቅ ይቀጥላል። ሆስፒታል በር ላይ እጅዎን ከክላክሱ ያንሱ። የሹፌሩን ጥያቄ፣ «ስንት ለስንት?» የሚለውን፣ በትክክል ይመልሱ። በነፃ ውሰደኝ ብለው አይጠይቁት፤ እሱ ራሱ ካላለ በቀር። ካለም ደግሞ ከመሳፈርዎ በፊት ጎሏ መጽደቋን ከሌላ ሰው ያረጋግጡለት።